የአንሶላው ጨረታ

ወንድሟ ወደ ቤት የሚደውለው እሷ ሥራ እስክትሄድ እየጠበቀ መሆኑን ያወቀችው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ፀጉሯን ስትታጠብ አርፍዳ፣ ፎጣ እንደጠመጠመች ከመታጠቢያ ቤቱ ልትወጣ ስትል የእናቷ ስልክ ጮኸ። እናቷ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፅ ማጉያውን ሳይከፍቱ አያወሩም፤ ምስጢር የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ከጠፋ ቆይቷል።

«ወጥታለች?» አለ የወንድሟ ድምፅ።

«ልትወጣ ነው» አሉ እናቷ፣ ያንሾካሾኩ መስሏቸው። «ቆይ አሁን ይኼ ምን የሚሉት ነገር ነው? ከገዛ ልጄ ጋር ተደብቄ ላውራ?»

«ጥቂት ቀን ነው እማዬ። ይኼ ጨረታ ይለፍ። አብረን ሆነን ያየን ሰው አንድ ነገር ቢያወራ የሚጠፋው የሷ ስም ነው። እኔማ ምን እሆናለሁ?»

ከመታጠቢያ ቤቱ ስትወጣ እናቷ ስልኩን ትራስ ሥር ወሽቀው፣ ሳትጠይቃቸው «የተሳሳተ ቁጥር ነው» አሏት። እሷም «እሺ» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። እናትየው የሻይ ስኒያቸውን እንደያዙ የመስኮቱን መጋረጃ ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ውጭውን ማየት ጀመሩ፤ እሷም አንድ ነገር የጠፋባት ይመስል ቦርሳዋን ደጋግማ በረበረች። በመጨረሻ እናቷ ዞር ሳይሉ፣ «ከስቷል አሉ» አሏት። ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀችም።

እሷ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የግዢ ክፍል ኃላፊ ናት። ከመርፌና ከጓንት አንስቶ እስከ አምፖልና የወለል ሳሙና ድረስ ሆስፒታሉ የሚገዛው ሁሉ በሷ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከብረታ ብረት ሱቆች በላይ በተከራያት ክፍል ውስጥ ሴቶች ቀጥሮ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ፣ የምግብ ቤት ሽርጥና የሆቴል አንሶላ ያሰፋል። ሆስፒታሉ የዓመቱን የአንሶላ ጨረታ ያወጣ ጊዜ እንደማንም ነጋዴ ተሰልፎ ሰነድ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ እህቱ ቤት ድርሽ ብሎ አያውቅም። ከአንድ እናት ቢወለዱም አባታቸው ለየቅል ስለሆነ፣ የሁለቱን ስም ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድና አይጠረጥርም። ይኼ ነገር መጀመሪያ ሲገባት እፎይ ብላ ነበር። ቆይታ ግን እፎይታዋ ራሱ ደስ አላላትም።

ታክሲ ውስጥ የምትለውን ስታጠና ሄደች። አስቸጋሪ ነገር አይደለም፤ መመሪያው ግልጽ ነው። ከጨረታ ኮሚቴው አባላት መሀል ዘመዱ የተጫረተ ሰው ካለ ይናገራል፣ ከክፍሉ ይወጣል፣ ሌሎቹ ይወስናሉ፤ በቃ። «ከተጫራቾቹ አንዱ ወንድሜ ነው፤ እኔ ልውጣ።» ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋግማ በልቧ አለችው፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቷን አየት አድርጋ ወደ መስኮቱ ጠጋ እስክትል ድረስ። ችግሩ ከሷ በፊት የነበረው ኃላፊ ነው። ያ ሰውዬ ለሚስቱ ወንድም የጋዝ ሲሊንደር ውል ሰጥቶ ተባረረ፤ እሷ በቦታው ስትተካ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ፣ «ቆይ፣ የዚችም ዘመዶች ቀስ ብለው ብቅ ይላሉ» ሲባል በጆሮዋ ሰምታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጋዴ የጋበዛትን ውሃ እንኳን አትጠጣም። ንጹሕ ናት ይሏታል። ይህን ቃል ካሰበችው በላይ ወዳዋለች።

የስብሰባው ክፍል ድሮ የራጅ ፊልም ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው፤ ዛሬም የኬሚካሉ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። አንዱ መስኮት በቀለም ተጣብቆ አይከፈትም። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ሰብሳቢዋ እሷ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት ዋና ነርስ፣ የበጀት ጥያቄ ሁሉ ስለሚቆርጥ መቀስ የሚል ስም የወጣለት የፋይናንስ ሰው፣ እና ካልጠየቁት የማይናገር የመጋዘን ኃላፊ። ስብሰባውን ስትከፍት እንደ ደንቡ መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች፤

«ከተጫራቾች ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት ያለው አለ?»

ሲስተር የለኝም ስትል ራሷን ነቀነቀች። የመጋዘኑ ሰው ጣሪያ ጣሪያ አየ። መቀስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «የኔ ዘመዶችማ አንሶላ የሚለምኑ እንጂ የሚሸጡ አይደሉም» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ትንሽ ዝምታ ነበረች፤ ያቺ ዝምታ የሷ ነበረች፤ ያጠናችው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ሲስተር «እንጀምር፣ ሕመምተኛ ይጠብቀኛል» አለችና ናሙናዎቹን ወደ መሀል ጎተተቻቸው።

ናሙናዎቹ ላይ የድርጅት ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸዋል። ሲስተር እያንዳንዱን አንሶላ አስቀድማ በሆስፒታሉ ማጠቢያ ደጋግማ አሳጥባው ነበር። አሁን ደግሞ እየዘረጋች ትስበዋለች፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ታየዋለች፣ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ትፈትሻለች። ሦስተኛው ሲዘረጋ ሰብሳቢዋ ጥጉን አየችና እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ጥጉ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ፣ ክሩ ዞሮ ተመልሶ ራሱ ላይ ተሰፍቷል። እናቷ በሰው ቤት ልብስ ሲጠግኑ እንዲህ ነበር የሚሰፉት፤ ያስተማሩት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷማ መርፌ መያዝ እምቢ ብላ ነው ትምህርቷን የሙጥኝ ያለችው።

«ይኼ አንሶላ ነው» አለች ሲስተር። «ጥጉ ፍራሹን ይዞ ይቀራል። ተገላብጦ መተኛት የማይችል ሰው ሥር የሚጨማደድ አንሶላ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ጀርባ ይልጣል። ለኔ አንደኛ ይኼ ነው።» ከዚያ ቀጥሎ ያለውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ይኼኛው ደግሞ ትንሽ ከቆየ ሻይ ማጥለያ ይሆናል» አለች። የመጋዘኑ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

በነጥብ ሦስተኛው አንደኛ ወጣ። የዋጋ ፖስታዎቹ ተከፈቱ። ወንድሟ ከሁሉም ርካሽ አልነበረም፤ ርካሹ ማጥለያ የተባለው ነው፣ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ። ልዩነቱ በአንድ አንሶላ ላይ የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ አይሞላም፤ ጥራቱ ሲደመርበት አሸናፊው ወንድሟ ነበር። መቀስ እንኳን አልተከራከረም። ስሙ ጮክ ብሎ ሲነበብ ማንም ወደ እሷ አላየም። እሷ ግን ሁሉም የሚያይዋት መሰላት። ከወር ወይም ከዓመት በኋላ አንዱ መጥቶ «ለካ ወንድሟ ነው!» ሲል፣ ሌላው «ስብሰባውን የመራችው እኮ እሷው ነች!» ሲል ታያት። አሁን ብትናገርስ? እስካሁን ለምን ተቀመጥሽ ይሏታል። የሰነዱን ገጾች አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረች። ምን እንደምትፈልግ ለራሷ አልነገረችም፤ እጇ ግን ያውቅ ነበር። ከመሀል አንዱ ገጽ ላይ ፊርማ አለ፣ ማህተም የለም።

«ይኼ ገጽ ማህተም የለውም» አለች።

«ታዲያ ጠርተነው ያትማላ» አለ መቀስ። «አምና የፋሻውን ሰውዬ ጠርተን አሳትመነው የለ? ያኔ አንቺ ነሽ ጥሪው ያልሽው።»

«ያኔ ተሳስተን ይሆናል። መመሪያው እያንዳንዱ ገጽ ነው የሚለው።»

«እኛ አልጋ ላይ የምናነጥፈው ማህተም ነው እንዴ?» አለች ሲስተር።

«ሲስተር፣ ነገ ኦዲተር ቢመጣ የሚጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ። ለማንም ማዳላት አልችልም።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ንጹሕ ናት የተባለች ሰው ማዳላት አልችልም ስትል ማን ይከራከራታል? መቀስ ትከሻውን ሰበቀ። የመጋዘኑ ሰው ሦስተኛውን ከጨረታው ውጭ ያደረገውን ቃለ ጉባኤ ፈረመ። ሲስተር ብዕሩን ይዛ ቆየችና፣ «አልጋው ላይ የምትተኙት እናንተ አይደላችሁም» ብላ ከፊርማዋ ጎን እንደማትስማማ ጻፈች፤ በሩንም ሳትዘጋው ወጣች።

ከምሳ በኋላ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ በቀዶ ሕክምናው ክፍል በኩል አለፈች። ሌላ መንገድ ነበር፤ ለምን በዚያ እንደሄደች አታውቅም። በሩ ገርበብ ብሏል። አንዲት ወጣት ሴት ከእናቷ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ፣ የሸሸውን አንሶላ እየጎተተች ጥጉን በፋሻ ቁራጭ ከአልጋው እግር ጋር ታስራለች። አሮጊቷ ጣሪያውን እያዩ፣ «ተይው ልጄ፣ ትደክሚያለሽ፣ ተመልሶ መሄዱ ላይቀር» ይላሉ። ልጅቷ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ነርስ መስላት ሳይሆን አይቀርም፣ «ሌላ አንሶላ ይኖራችሁ ይሆን?» አለቻት። እሷም «እጠይቃለሁ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ማንንም አልጠየቀችም።

አመሻሽ ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። ጡረታቸው የተቃረበ ሐኪም ናቸው፤ ሰው ሲገሥጹ ድምፃቸው ይበልጥ ስለሚለሰልስ ሠራተኛው ከቁጣቸው ይልቅ ልስላሴያቸውን ይፈራል። ለቅሬታ ጊዜ እንዲኖር ውጤቱ ከምሳ በኋላ ተለጥፎ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ግን ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ ገና አልፈረሙበትም።

«ተቀመጪ» አሏት በጣም ለስለስ ብለው። «ወንድምሽ ባለፈው ሳምንት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።»

ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«መመሪያውን አንብቦ ነው የመጣው። ተጫራቹም ዘመድ እንዳለው ያሳውቅ ስለሚል። ‹እህቴ እዚህ ናት፤ እሷም እንደምትነግርዎት አውቃለሁ፣ ግን የኔ ድርሻ እንዳይጎድል ብዬ ነው› አለኝ። ደስ ብሎኝ ሸኘሁት። እኔም ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ።»

«ለምን አልጠየቁኝም?» አለች። ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አስጠላት።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉት። «ካንቺ አፍ መስማት ፈልጌ ነው። አሁን ሳስበው እኔም አጥፍቻለሁ። ሰው መፈተን የኔ ሥራ አልነበረም።» ከዚያ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገሯት። አንደኛው፣ ወንድሟ ስለ ማህተሙ ቅሬታ ካቀረበ ጉዳዩ እሷ በሌለችበት እንደገና ይታያል፤ የቀረው ነገር ሳይነሳ ሊያልፍ ይችላል። ካላቀረበ ግን ቃለ ጉባኤውን ራሳቸው ይመልሱታል፤ ሲመልሱት ደግሞ ምክንያቱን መጻፍ አለባቸው፤ ምክንያቱ እሷ ናት። «እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት» አሏትና በር ድረስ ሸኟት። ከዚያ በፊት ሸኝተዋት አያውቁም።

ወንድሟ ዘንድ የደረሰችው ብረታ ብረት ሱቆቹ ገና ሳይዘጉ ነው። ደረጃው የቅባትና የዝገት ሽታ አለው፤ እላይ ሲደርሱ ግን ሽታው ወደ አዲስ ጨርቅ ይለወጣል። ከስፌት መኪኖቹ ሁለቱ ብቻ ይሠራሉ። ሴቶቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየዓይነቱ እየለዩ ከረጢት ውስጥ ይጨምራሉ፤ አያወሩም። ወንድሟ ሜትር አንገቱ ላይ አጥልቆ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ ቆሟል። እውነትም ከስቷል። ሲያያት መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ከኋላዋ ወዳለው ደረጃ አየ፤ ሰው ተከትሏት እንደሆነ። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ።

«ሚጡ!» አለ፤ በልጅነት ስሟ። «ነይ፣ ግቢ። አሁንማ ምን ቸገረን፣ አልቋል። ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ።» ወንበር ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንስቶ አስቀመጣት። «እንዳትበሳጪ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ አንድ ገጽ ሳላትም አልፌአለሁ። ሌሊቱን ስንሠራ ዓይኔ ደክሞ ነው። አንቺ ደግሞ ከክፍሉ ወጥተሽ ምን ታደርጊ? ውጭ ቆመሽ ስትጨነቂ ታየኝ እኮ።»

ዝም ብትል ያልፍ ነበር። እሱ ራሱ የሚያምነውን ሰበብ ለክቶና ቆርጦ አስቀምጦላታል፤ የሚቀራት መልበስ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አልወጣሁም» አለች።

«እ?»

«አልተናገርኩም። እዚያው ነበርኩ። ስብሰባውን የመራሁት እኔ ነኝ። ማህተሙንም ያየሁት እኔ ነኝ።»

ወንድሟ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና በጣቱ ላይ መጠምጠም ጀመረ። ጠምጥሞ ጨረሰው፤ ፈታው፤ እንደገና ጠመጠመው።

«ናሙናውንስ አየሽው?»

«አየሁት።»

«የኔ መሆኑን አወቅሽ?»

«አወቅኩ።»

«ስንተኛ ወጣ?»

«አንደኛ።»

«አንደኛ?» አለ፤ ፊቱም ከቁጥጥሩ ውጭ ለአፍታ በራ። ከዚያ የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ ትዝ ያለው ይመስል ደስታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ላይ ወረደ። እሷ ለማየት የማትችለው ንዴቱን መስሏት ነበር የመጣችው። ንዴት አልነበረም። ቢቆጣት በወደደች።

ስለ ቅሬታው ነገረችው። ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ አንድ ገጽ ማመልከቻ እንደሚበቃ፣ ስለ ማህተሙ ብቻ እንደሚጻፍ፣ የሷ ስም እንደማያስፈልግ። እስክትጨርስ ሰማትና፣ «በማን ላይ ነው ቅሬታው?» አላት።

«በኮሚቴው ላይ።»

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ማናት?»

እሷ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች።

«አልጽፍም» አለ። «አንቺን ከስሼ እማዬን በምን ዓይኔ ነው የማያት? ተይው።»

ይኼኔ ከሴቶቹ ታላቋ፣ ሽርጧን እየፈታች መጣች። እንግዳዋን ሰላም ብላ ወደ አሠሪዋ ዞረች። «ጋሼ፣ ልጆቹ ነገ እንምጣ ወይ ይላሉ። ምን ልበላቸው?» ቀጥላም፣ ፊታቸውን አፈራርቃ አየችና፣ «እህትዎ ናቸው እንዴ? ትመሳሰላላችሁ» አለች።

«አዎ፣ እህቴ ናት» አለ ወንድሟ። ሳያመነታ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለሰው። «ይቺን ልሸኝና ተመልሼ እነግራችኋለሁ። እንዳትሄዱ።»

ደረጃውን ወረዱ። ሱቆቹ የብረት በራቸውን እያወረዱ ስለነበር ጫጫታው ለዝምታቸው ምክንያት ሆነላቸው። ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ነገ ጠዋት እናገራለሁ። ለሥራ አስኪያጁ አይደለም፣ እሳቸውማ ያውቃሉ፤ ለኮሚቴው፣ ለሁሉም። ቦታውን ይውሰዱት። ጨረታው ይደገማል፤ አንተም ትገባለህ።»

«ተናገሪ። ብትናገሪ ጥሩ ነው» አለ ወንድሟ። «እኔ ግን አልገባም።»

«ለምን? አንደኛ እኮ ነው የወጣኸው!»

«ቢሰጡኝ በእህቱ ነው ይላሉ። ይበሉ፣ ይኼ አያሳስበኝም። ቢከለክሉኝ ግን...» መንገዱን አየ። «ቢከለክሉኝ አንቺ ነሽ እላለሁ። ባትሆኝም። ሌላ ቦታ ሥራ ባጣሁም ቁጥር አንቺ ነሽ ማለት እጀምራለሁ። እንደዚያ እያሰብኩሽ መኖር አልፈልግም ሚጡ።»

ታክሲ መጣ። የቀረው አንድ ወንበር ነው፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ወንድሟ ክንዷን ይዞ አሳፈራት፣ ለረዳቱ ሒሳቧን ከፈለ፣ «እማዬ ብቻዋን ናት፣ ቶሎ ግቢ» አላት። በሩ ተንሸራቶ ተዘጋ። ይቅርታ አለማለቷ ትዝ ያላት ታክሲው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። መስኮቱን ልትከፍት ታገለች፤ አልከፈት አላት። ዞራ ስታይ ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷል፤ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ ሴቶቹን ሊያሰናብት ቀስ እያለ ይወጣል።